ተኳሿ

ኪሺናው። የጥር ጠዋት። በረዶው ደጅ ዘግቶ፣
የጋዝ ዋጋ ንሮ፣ ምድጃው አንቀላፍቶ፣
ከውጭ ጉዳይ ቢሮ ከምድር ቤቱ ገብታ፣
ፓራስኪቫ ጎንቻር፣ ጣቷን ምራቅ ቀብታ፣
የካውያውን ግለት በጩኸቱ ለክታ፣
ትተኩሳለች።

በዚች ትንሽ አገር፣ በሁለት ግዙፎች መሐል፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሳታሰልስ፣
የምትተኩስ እሷ ብቻ ናት ቢባል፣
ማን ሐሰት ነው ይላል?

ዛሬ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ስል ሁለት፤
የምሥራቁ ለቁርስ፣ የምዕራቡ ለራት።
ደረጃው አንድ ነው፣ ምንጣፉም ያው ምንጣፍ፤
በምሳ ሰዓት ነው ጭቃውን ማራገፍ።
መቀበያ ዳቦ፣ ከነጨው፣ ሁለት ታዟል፤
አንዱ የቆረሰውን ሌላው መች ይቀምሳል?
ያለቃዋ ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ሰፍሯል፦
«ያንዱ ዘንግ ካንዱ ዘንግ በጣት እንዳይበልጥ፤
ፈገግታም በልክ ነው፣ ድድ እንዳይገለጥ።»

«ከሩቅ ዘመድ» ሲሉ «የቅርብ ጎረቤት»፣
ተረቱን የተረተ አላየም ይህን ቤት፤
ጎረቤትህ ግዙፍ፣ አጥርህ ሸምበቆ፣
ዘመድህ በማኅተም «አይዞህ»ን አርቅቆ
ሲልክልህ፣
ብርዱ ከደብዳቤው ቀድሞ ሲደርስልህ።

ወንድሟ ኤፍቲሚ ከኒስትሩ ማዶ፣
ሌላ ገንዘብ ቆጥሮ፣ ሌላ ሰንደቅ ለምዶ፤
ልጇ ሳቢና ደግሞ ፓርማ፣ ጣልያን አገር፣
ያሮጊት ገላ አጥባ ዩሮ የምትቋጥር።
የፋሲካ ለታ ስልኩ ሁለቴ ይጮኻል፤
ወንድም፣ «እነዚያ እኮ አንድ ቀን ይሸጡሻል»፣
ልጅ፣ «እማዬ፣ እነዚያ አንድ ቀን ይውጡሻል»።
እሷ «እሺ» ትላለች። ለሁለቱም «እሺ»።
ሺህ ጦር የሌለው ቤት ምን አለው ከ«እሺ»?

ቁም ሣጥኑም አንድ ነው። የሁሉ አገር ሰንደቆች
ተጣጥፈው ያድራሉ እንደ አንድ እናት ልጆች፤
ብል ወገን አትለይ፤ ከምሥራቁም በልታ፣
ከምዕራቡም ቀምሳ፣ ታድራለች ረክታ።

የሁለቱን እንግዶች ተኩሳ ጨረሰች።
ያገሯን ሁልጊዜ ለኋላ ነው የምታስቀር፤
ልማድ ነው፤ እንግዳ ይቅደም፣ ባለቤት ይደር።
ግማሹን ሄደችበት፤
ከዚያ ቀጭ አለና
መብራቱ ጠፋ።
የኃይል ማመንጫው ከማዶ ነው፤
ወይ ማዶው ተቆጥቷል፣ ወይ ሽቦ ተበጥሷል፣
ወይ ከዚህ ወገን ሂሳብ አልተከፈለም፤
ምድር ቤት ላለ ሰው ልዩነት የለውም።
ካውያው ቀዘቀዘ።
ተኩስ ቆመ።

«ፓራስኪቫ! መኪናው በሩ ላይ ነው!» ተባለ።
ሕግም ይቅር ይበላት፤ ምን አማራጭ አለ?
አገሯን በወንበር ላይ አነጠፈቻት፤
ሰባ አምስት ኪሎዋን ከነሹራቧ ጫነችባት።
እስከ ሦስት መቶ ቆጠረች፤
ሦስት መቶ አንድ ላይ ተነሣች።

ከላይ፣ በሻማ ብርሃን፣ ሁለት ሰንደቅ ቆሟል፤
የእንግዳው እንደ ሐይቅ ለጥ ብሎ ረግቷል፤
የቤቷ ግን ከላይ እስከ ታች፣
ንስሩን ለሁለት የከፈለ
አንድ እጥፋት ወርዶበታል፤ ኒስትሩን ይመስላል።

እንግዳው አየው። ጓንቱን ሳያወልቅ ጠቆመ፣
ፈገግ አለ፤ ድዱ ታየ።
ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ማንም ያልጠየቃት ሴትዮ፣ ከበሩ ጥግ፣
«ተኩሱ ገና አላለቀም፣ ጌታዬ» አለች።

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ፤
ከፍቶም ቆመ።

ለራት እንግዳ ገና ስምንት ሰዓት አለ።
ሁለተኛው ዳቦ፣ ከነጨው፣ በፎጣ ተሸፍኗል።